የአይነኬ እጅ

የሰው ሕመም ሲሆን ሐኪም የማይሆን የለም። የሶፋ ሠሪው ልጅ ግራ እጇን ያመማት ጊዜ እነሱ ቤት የገባው ሁሉ ተመራምሮ፣ ደምድሞ፣ ሻዩን ጠጥቶ ነበር የሚወጣው። ስለ እጇ ምንም የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እሷ ራሷ ናት፣ እንደ እነሱ አባባል ከሆነ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ነው። አባቷን ሰፈሩ «ጋሽ ስፖንጅ» ነው የሚለው፤ እሱም ስሙ ደስ ብሎት በሱቁ በር ላይ በትልቁ አስጽፎታል። የዚያን ቀን አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ለገዢ ሊያስረክብ ቸኩሎ ሳለ ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው ነበርና ልጁን ጠራት። እሱ ከፊት ሆኖ ይጎትታል፣ እሷ ከጎን ትደግፋለች። ሶፋው በሩ ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። «ቆይ» ብላው ነበር ይላሉ በቦታው የነበሩት፤ አባትየው አልሰማሁም ይላል። ብቻ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳብ አደረገው፣ ሶፋው ወጣ፣ የልጅቷ የእጅ አንጓ ግን በሶፋው ክንድና በበሩ መቃን መካከል ተጨፍልቆ ቀረ። ሶፋው አንዲት ጭረት አላገኘችውም፤ ገዢው እስከ ዛሬ ያመሰግናል።

አንዲት ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃ ነበር። ጀሶ ታሰረ፣ ጀሶው ተፈታ፣ ራጅ ተነሣች፣ አጥንቱ ሸጋ ሆኖ ገጥሟል ተባለ። ቤተሰቡ እፎይ አለ። ልጅቷ ግን እፎይ የምትልበት ቀን ጠፋ። እጇ ይለበልባታል። የሹራብ እጅጌ ሲነካው፣ የቧንቧ ውሃ ሲያርፍበት፣ የቬንትሌተሩ ነፋስ ሽው ሲልበት የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ሰው ከመቀመጫዋ ትዘላለች። አንዳንዴ ይቀላል፣ አንዳንዴ ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ያልበዋል። ይህን ለማየት ታዲያ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ጠጋ ለማለት ጊዜ የለውም፣ አስተያየት መስጠት አለበት።

«አይነኬ» ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው። በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ግድግዳ ታክኮ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ «ይቅርታ እመቤት አይነኬ፣ ጥላዬ ነካሽ እንዴ?» ይላታል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ጥፋቷም ይኸው ነው። የሚስቅ ሰው አያመውም የሚል ሕግ አለ፣ ማን እንዳወጣው ግን አይታወቅም። ስትስቅ «ይኸው ድናለች» ይባላል። ስታለቅስ «ተሞላቃለች» ይባላል። ዝም ስትል ደግሞ «ታኮርፋለች»። አራተኛ መላ ፈልጋ አጣች።

አክስቷ ጸጉር ሠሪ ናት። የሰው ሕመም ሰምታ የራሷን ሳትናገር አታድርም። የልጅቷ እጅ ነደደ ሲሏት፣ «እኔስ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል እግሬ ብረት አይደለም፤ ማን ጠየቀኝ?» ብላ ጀመረችና እስክትሄድ ድረስ ስለ እግሯ ብቻ ተወራ። አጎቷ ርዕሰ መምህር ነው፤ በሥራ ዘመኑ ሙሉ ሆዱን ያመመው ተማሪ ሲያባርር ኖሮ ሕመምን የሚያውቀው በአንድ ስሙ፣ «ፈተና» በሚለው ነው። ሕመሙ የጀመራት ትምህርት ተዘግቶ ሳለ እንደሆነ ሲነገረው ትንሽ አሰበና፣ አስቀድማ እየተለማመደች ነበር ማለት ነዋ አለ። ጎረቤቶች የስልክ ጣጣ ነው አሉ፤ ስልኳን ውሰዱባትና በማግስቱ ካልዳነች ምን አለ በሉን ብለው ማሉ። ተወሰደባት። እጇም መንደዱን ቀጠለ፣ ስልኩም ሳይመለስ ቀረ።

እናቷ ሱቁ ውስጥ የሶፋ ጨርቅ ትሰፋለች። እሷ እንኳን ታምናታለች፤ ግን ዝግ ባለ ድምፅ ነው የምታምናት። ባልየው በሌለበት «አይዞሽ እናቴ» ትላለች፣ ባልየው ሲገባ ስለ ክር ዋጋ ትጀምራለች።

ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም እጅ ላይ ወደቁ። ሐኪሟ ራጁን አይታ ወደ ጎን አስቀመጠችው፤ ከዚያ የልጅቷን ሁለት እጆች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስደርድራ፣ ሳትነካቸው፣ ዝም ብላ ትክ ብላ አየቻቸው። ይህን ያደረገ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«አጥንትሽ ድኗል» አለቻት። «ነርቮችሽ ግን አደጋው እንዳበቃ አልሰሙም፤ አሁንም ይጮኻሉ። ሕመምሽ እውነተኛ ነው።»

ልጅቷ እዚያው ወንበሩ ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሐኪሟም ሳታጣድፋት ጠበቀቻትና ለአባትና ለልጅ አስረዳች። ይህን ሕመም ለይተው የሚያክሙ ሰዎች ትልቁ ሆስፒታል አሉ። ለነርቩ የሚሆን መድኃኒት ይሰጣሉ፣ እጁን ቀስ በቀስ እንቅስቃሴ ያስለምዱታል፣ ብዙ ሰውም ይሻለዋል። ግን ቶሎ መጀመር አለበት፤ ከዘገየ ጣቶቹ እንደ ተኮማተሩ ደርቀው ሊቀሩ ይችላሉ። ልጅቷ ደግሞ የምትጽፈው በግራዋ ነው። ቀጠሮው በቀላሉ አይገኝም፤ ሐኪሟ ስልክ ደውላ፣ ለምና፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው የሰረዘውን የሰኞ ቦታ አገኘችላት። የዚያ ሰኞ ነገር ከዚያች ቀን ጀምሮ ለልጅቷ የመኖር ምክንያት ሆነ። ቀን ስትቆጥር ትውላለች።

ጋሽ ስፖንጅ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ቤት እንደገባ ጫማውን እያወለቀ፣ «አጥንቱ ድኗል ብላለች፣ አለቀ» አለ። የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። አጥንት ደህና ከሆነ ምኑ ነው የሚያመው? ሥጋው? ሥጋውማ ይታያል፣ ሙሉ ነው። ሰኞ ደግሞ ትልልቅ ርክክብ አለበት። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሕመሙ እውነት ከሆነ ያን ሶፋ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳብ ያደረገ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ሕመሙ ውሸት ከሆነ ግን ማንም ምንም አልጎተተም። ጋሽ ስፖንጅ ይህን ለራሱ እንዲህ ገልጦ ነግሮት አያውቅም፤ ግን የሚበጀውን ለማመን ሰው መቼ ምክር ጠይቆ ያውቃል።

እንግዲህ ይህ ሰው በሙያው የሚኮራበት አንድ ዘዴ አለው። ሶፋ የገዛ ሰው ተመልሶ መጥቶ «የሆነ ነገር ይወጋኛል» ሲለው ክርክር አይገጥምም። «ልክ ነህ፣ አምጣው» ይላል። ሶፋውን ጓሮ ያስገባዋል፣ ሸራ ያለብሰዋል፣ ሳምንት ያስተኛዋል፣ በጣቱ ሳይነካው። ከዚያ ሁለት ጊዜ በቡጢ ደለቅ ደለቅ አድርጎ ይመልሰዋል። ደንበኛው ቁጭ ብሎ መቀመጫውን ያመቻችና «አሁንማ ሌላ ሶፋ ሆነ» ይላል። ጋሽ ስፖንጅ ይህን «የጓሮ ሕክምና» ይለዋል። የታመመው ሶፋው ሳይሆን ሰውየው ነው ብሎ ሲያወራው ዓይኑ እስኪያነባ ይስቃል። ሶፋውን ገልብጦ አይቶ ስለማያውቅ፣ ውስጡ በእርግጥ የተላቀቀ ሞላ የነበረበት ስንቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት ደንበኞቹ አፍረው ዝም ብለው ይሆናል።

እና ምን ይደረግ፣ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ሰኞ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ስፖንጅ ከሱቁ ፊት ለፊት ወዳለው ፋርማሲስት ወዳጁ ተሻገረ። ባዶ የካፕሱል ቀፎ ዱቄት ሞልቶ እንዲሰጠው ጠየቀው። ፋርማሲስቱ ለኅሊናው ያህል ትንሽ አንገራገረ፤ ከዚያ ዱቄቱ የተነፋ መሆኑን ብቻ ጠየቀ። እናትየዋም ተነገራት። አንዴ «ተው» አለች፤ «አንቺ ዝም በይ፣ ልጅሽን እያዳንኩልሽ ነው» ሲላት ወደ ስፌት መኪናዋ ዞራ መስፋቷን ቀጠለች።

ያን ዕለት ማታ አባትየው ከሥራ ገብቶ ብርጭቆ ውሃ ራሱ ቀድቶ ልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ልክ ለእንዲህ ያለ የነርቭ ሕመም የሚሆን መድኃኒት በስንት መከራ አገኘሁልሽ አላት። ዋጠችው። ውጣ ስትጨርስ አባቷ አልተነሣም። የት ጋ እንደሚጀምራት፣ ማቃጠል ነው ወይስ መውጋት፣ ምን ሲነካት እንደሚብስ ጠየቃት። ሙከራው ደህና እንዲሠራ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም፤ ባለሙያ ነውና ሥራውን በግማሽ አይተውም። እሷ ግን ይህን በምን ታውቀዋለች? ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማት። በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም። ወንድሟ «አይነኬ» እንዳይላት ተከለከለ፣ ቬንትሌተሩ ወደ ግድግዳ ዞረ፣ አክስቷም እግሯን ይዛ ለጊዜው ቤቷ እንድትቀመጥ ተለመነች።

ልጅቷ መተኛት ጀመረች። ስንት ወር ሙሉ በቁራጭ በቁራጭ ስትተኛ የኖረች ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሳትነቃ ነጋላት። ዱቄት ነው የፈወሳት ማለት የሚፈልግ ይበል፣ አፉን የሚይዘው የለም። እሷ እንደሆነ ውሸት አታውቅም፤ ሲያማት አመመኝ ብላ ነበር፣ ቀለል ሲላትም ቀለል አለኝ አለች።

«አሁንም ያቃጥለኛል አባዬ፣ ግን ትንሽ ቀለል ብሎኛል። እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ወራት ሙሉ አመመኝ ስትል ያላመናት ሰው ቀለል አለኝ ስትል ወዲያው አመናት። «አሁንም ያቃጥለኛል» የሚለው የት እንደገባ አይታወቅም። ጋሽ ስፖንጅ ጭኑን መታ፣ ግንባሯን ሳማት፣ ወጥቶም ሰፈሩን ለእሁድ ምሳ ጠራ። እሷም አባቷ በእሷ መሻል ይህን ያህል መደሰቱን አይታ ሆዷ ባባ። ሰኞ ሐኪሞቹ ዘንድ ሲገባ ምን ምን እንደሚነግራቸው በልቧ ታሰላ ነበር፤ አሁን እኮ ሁሉንም ያውቃል፣ እሷ ባትናገር እንኳ እሱ ይናገርላታል።

እሁድ ምሳ ቤቱ ጢም አለ። አክስቷ አለች፣ ርዕሰ መምህሩ አለ፣ ፋርማሲስቱ ደንገጥ ብሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ጎረቤቶችም አልቀሩ። ተበላ። ሳህን ከተነሣ በኋላ ጋሽ ስፖንጅ ቆመና የጓሮ ሕክምናውን ታሪክ እንደ ልማዱ አወራ። ሰው ሳቀ፤ ልጅቷም ስንት ጊዜ የሰማችው ቀልድ ስለሆነ አብራ ሳቀች። ከዚያ አባትየው ከኪሱ የካፕሱሉን ብልቃጥ አወጣ። አንዱን ቀፎ በሁለት ጣቱ ከፍቶ ሳህን ላይ አራገፈው። ነጭ ነገር ወረደ።

«ዱቄት ነው» አለ። «የገዛ ጓዳችን ዱቄት።»

ነገሩ ሲገባቸው ቤቱን በሳቅ አናጉት። አክስቷ ጉልበቷን እየደበደበች ሳቀች። ርዕሰ መምህሩ ዱቄቱን በጣቱ ነክቶ ቀመሰና፣ እኔ ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር አለ፤ ይህ ሰው ያላለው ነገር ኖሮ አያውቅም። ወንድሟ ብቻ አንዴ ሳቅ ብሎ እህቱን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ልጅቷ አፈረች። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ፣ እንደ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘች ሁሉ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ያ ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሰማት ሰው ዱቄቱ መሥራት አለመሥራቱን ሲከታተል እንደነበር አሁን ገባት። ከእጇ ይልቅ ይህኛው ባሰባት። ግን የያዘችው ነገር ነበራትና እንባዋን ዋጠች።

«አባዬ፣ ሰኞ ግን እንሄዳለን አይደል?»

«የት?» አለ ጋሽ ስፖንጅ፣ ከልቡ ረስቶት።

«ሐኪሞቹ ጋ።»

ዓርብ ደውዬ ሰርዤዋለሁ አለ። ለማን ነው የሚሄደው? ሕመሙ ለጠፋ ሰው? ቦታውንም ወዲያው ለሌላ ሰጡት፣ ሰልፈኛው ብዙ ነው፣ ጽድቅም ይሆናል። እኔ ዋሽተሻል አላልኩሽም አላት፣ ድምፁን አለዝቦ፤ ነገሩ ጭንቅላትሽ ውስጥ ነበር፣ ይኸው ወጣ፣ ከእንግዲህ አንቺም ነፃ እኛም ነፃ። ይህን ብሎ ጠጋ አለና፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ያንን ግራ እጇን ከአንጓው ላይ ለቀም አድርጎ አሸናፊ ቦክሰኛ እንደሚያስተዋውቅ ዳኛ ወደ ላይ አነሣው። «ይኸው! የዳነ እጅ!»

ሰው አጨበጨበ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ መጮኺያ ትንፋሽ አልነበራትም። አፏ ተከፍቶ ቀረ፣ ከወንበሩ ላይ እየተንሸራተተች ሄደች። «ጀመራት ደግሞ» አለች አክስቷ፣ እየሳቀች።

ያልሳቀው አንድ ሰው ነው፤ እጇን የያዘው። ጋሽ ስፖንጅ ዕድሜውን ሙሉ በመዳፉ የኖረ ሰው ነው፤ ስፖንጅ ጨበጥ አድርጎ ስንት ዓመት እንደተቀመጡበት የሚናገር ነው። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ግን ያንን እጅ አንዴም ይዞት አያውቅም ነበር። አሁን መዳፉ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ቧንቧ ብረት የቀዘቀዘ ነው፣ በላብ የራሰ ነው፣ ከውስጡም እየተንቀጠቀጠ ነው። ግራ ገብቶት በሌላ እጁ ቀኝ እጇን ፈልጎ ያዘ። እሱ ይሞቃል፣ እንደማንኛውም የልጅ እጅ። ወደ ግራው ተመለሰ። ቆዳው ወይን ጠጅ መስሏል፣ ያንጸባርቃል። የታጠፉትን ጣቶች በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ሊዘረጋቸው ሞከረ። አልተዘረጉም።

ጭብጨባው አንድ በአንድ ሞተ። አባትየው እጇን ጭኗ ላይ መልሶ አስቀመጠና ስልኩን አወጣ። ሆስፒታሉ ጋ ተረኛዋ ናት ያነሣችው። ሰኞ የነበረው ቦታ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ፣ ሰውየውም ከሩቅ አገር ጉዞ እንደጀመረ ነገረችው። ለመነ። ጋሽ ስፖንጅ ሰው ለምኖ ስለማያውቅ አላወቀበትም፤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሶፋ በነፃ እሠራላችኋለሁ አለ፣ ከዚያ «እባክሽ እህቴ» አለ። ቀጣዩ ክፍት ቦታ ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ካልሆነም የላከቻችሁ ሐኪም ጋ ተመለሱና ትሞክርላችሁ አለችው፣ በትሕትና። ፋርማሲስቱ ኮቱን አንሥቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ሳህኑ ላይ ያለውን ዱቄት ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረገ።

እናትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ጋሽ ስፖንጅ ስልኩን እንደያዘ ፊታቸው ተንበረከከ። እጇን ደግሞ ለመንካት እጁን ሰደደና መንገድ ላይ ተወው።

«ይህን ያህል መሆኑን» አለ፣ «ምነው ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቤቱ ሁሉ መልሷን ጠበቀ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አባቷን ደህና አድርጋ አየችው።

«ረስቼው ነው አባዬ» አለችው።